የኮሶ ውሃ ጠጠር

በዚያ ዘመን አንድ ሰው ጣና ላይ ለአንድ ሰዓት መንጠቆ ለመጣል አርባ ሰዓት ድንጋይ መሸከም ነበረበት። ይህ ማንንም አይገርምም ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ ሰው ከሰው ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ «ስንት ሰዓት አለህ?» ይባባላል፤ የተጠየቀውም ቀና ብሎ ፀሐይ አያይም፤ ጥር ላይ የዛቀውን ደለል፣ ሐምሌ ላይ የተከለውን ደንገል ደምሮ ይናገራል። ሽማግሌዎች ልጅ ሊያጋቡ ሲቀመጡ የሙሽራው ወገን «ልጃችን ሦስት ሰዓት ተኩል የማጥመጃ ዘንግ አለው» ብሎ ደረቱን ሲነፋ ተሰምቷል።

የሐይቁን ዓሣ የሚበላው የለም። የሚበላው ዓሣ ከፎቆች ምድር ቤት፣ ከገንዳ ይወጣና ዓርብ ዓርብ በየደጃፉ ይታደላል። በጾም ቀን ሰልፉ ይረዝማል፤ ዓሣ ያስገድፋል አያስገድፍም የሚለው ክርክር ግን ያኔም አልተቋጨም። ሐይቁ ላይ በዘንግ የተያዘ ዓሣ እርጥብ ጨርቅ ላይ ይጋደማል፣ ይለካል፣ ቁጥሩ ይነበባል፣ ይለቀቃል። ከመልቀቃቸው በፊት የሚስሙትም አሉ።

አንማው ከሚስሙት አንዱ ነበር። ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እንጀራው አሳንሰር መጠገን ነው። ሳምንቱን ሙሉ በጠባብ ሳጥን ሽቅብ ቁልቁል ሲል ይውልና ቅዳሜ ሲደርስ ነፍሱ የምትመለሰው ውሃ ሲያይ ነው። ደግ ሰው ነው፤ የተቸገረ አይቶ አያልፍም። በዓሣ ጉዳይ ብቻ ይዋሻል።

በዓሣ ጉዳይ የማይዋሽ አጥማጅማ ከየት ይመጣል? «የት ያዝከው?» ሲሉት አፉን ሳይከፍት አገጩን ወደ አንድ አቅጣጫ ቀና ያደርጋል፤ ያ አቅጣጫ ዓሣው ከተያዘበት ተቃራኒ መሆኑን ጠያቂውም ያውቃል። ተጠያቂው ማወቁን ያውቃል። ተሳስቀው ይለያያሉ። ባሕር ዳሮች «አጥማጅ በአገጩ ምሥራቅን ካሳየህ ስንቅህን ይዘህ ወደ ምዕራብ ሂድ» ይላሉ። የቆየ ጨዋታ ነው፤ ማንንም ጎድቶ አያውቅም ነበር።

የአንማው ቦታ ከሐይቁ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ፣ ኮሶ ውሃ የሚባል ወንዝ ላይ ነው። ወንዙ አንድ ትልቅ የባምባ ዛፍ ሥር ሲደርስ ይታጠፋል፤ እዚያ መታጠፊያ ላይ ከጠጠሩ ሥር ቀዝቃዛ ምንጭ ይፈልቃል። ጳጉሜ በገባች ጊዜ ቢልጫ የሚባሉት ዓሦች ከጣና ሽቅብ ወጥተው፣ ምንጩ የሚያጥበው ጠጠር ላይ ሆዳቸውን እያሻሹ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ቦታውን ያሳዩት አባቱ ናቸው። አባቱ በመጨረሻው ሕመማቸው ስለ ቤቱም ስለ ዕቃውም ሳይናዘዙ «የባምባውን ሥር ለማንም እንዳትናገር፤ ሰው ከሰማ ያልቃል» ብለውት ነበር። አንማው ለሚስቱም አልተናገረም።

በሁለት ሺህ ስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት የወንዝ ጥበቃ ሰዎች አጥማጆችን ጠሩ። ወንዞቹ አፍ ላይ የተተከሉት፣ ጆሮ የሚባሉት መሣሪያዎች ዓሣ ሲያልፍ ይሰማሉ፤ ያለፈው ዓሣ የት አርፎ እንቁላል እንደሚጥል ግን አያውቁም። ያንን የሚያውቀው ዕድሜውን ዳር ላይ ተቀምጦ የፈጀ ሰው ነው። ስለዚህ መቶ አሥራ አራት አጥማጅ ባንድ አዳራሽ ተሰበሰበና ተራ በተራ ካርታው ላይ ጣቱን እንዲያሳርፍ ተጠየቀ። ይህ «የጣት ቃል» ተባለ። ጣት ያረፈበት ቦታ ይጠበቃል፣ ጠጠር ይጨመርለታል፣ በጠቋሚው ስምም ይጠራል።

ካርታውን ይዛ የተቀመጠችው የኔዓለም ነበረች፤ የኮሶ ውሃ ዓሣ ቆጣሪ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ወንዙን እንደ ታናሽ እህቷ የምትናገርለት ልጅ። የአንማው ተራ ሲደርስ ጣቱ ወደ ባምባው መታጠፊያ ተንቀሳቀሰ። እውነት ነው፣ ተንቀሳቅሶ ነበር። ነገር ግን ከጀርባው ደምለው ቆሟል። ደምለው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የአንማውን ዱካ ሲያነፈንፍ የኖረ ሰው ነው። ትንፋሹ አንማው ማጅራት ላይ ይሰማል። የአንማው ጣት ቁልቁል ወረደና አሮጌው ድልድይ ሥር አረፈ፤ በሕይወቱ ከአንድ የላስቲክ ጫማ በቀር ምንም ይዞበት የማያውቅ ቦታ።

ሰኞ ተመልሼ፣ ሰው በሌለበት፣ አስተካክለዋለሁ አለ። ሰኞ ዕለት አንድ አሳንሰር አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ከነሙሽሮቹ ቆመ። ማክሰኞ ሌላ ነገር መጣ። ከዚያ ረሳው፤ ወይም እንደረሳው ለራሱ ነገረው። ድልድዩ ላይ «የአንማው ጠጠር» የሚል ሰማያዊ ሰሌዳ ሲተከል ጎረቤቶቹ እንኳን ደስ ያለህ አሉት፤ እሱም አሜን አለ።

በስልሳ ሰባት ግንቦት ሥራው ተጀመረ። ወንዝ አጠገብ ሞተር እንዳይቀርብ ከተከለከለ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ሁሉም ነገር በእጅ ነው። ደግሞ ቢልጫ የገዛ ውሃውን ሽታ ስለሚያውቅ ወደ ኮሶ ውሃ የሚገባ ጠጠር ከኮሶ ውሃ ብቻ እንዲወጣ ታዝዟል። ታዲያ ከየት ይውጣ? ማንም ጣቱን ካላሳረፈበት፣ ከባዶው ስፍራ። የኔዓለም ካርታዋን አየች። ጥሩ ጠጠር ኖሮት አንድም ጣት ያላረፈበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የባምባው ሥር።

ቅዳሜ ጧት አንማው ባልዲውን ይዞ ከሰው ጋር ሲወጣ፣ የሰው ሰንሰለት ከድልድዩ ተነስቶ የት እንደሚያልቅ አየ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ የሚያጠብቅ መሰለ። ጉልበተኛ ነህ ተብሎ አካፋው ለእሱ ተሰጠ።

የኔዓለም ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ውሃው ውስጥ ቆማለች። ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ እዚህ ምንም አልተመዘገበም። ግን ልቤ አላረፈም። እርስዎ ይህን ወንዝ ከልጅነትዎ ጀምሮ ያውቁታል። ባዶ ነው አይደል?»

ደምለው ሦስት እርምጃ ርቆ ባልዲውን ያጥባል፤ ጆሮው ግን እዚህ ነው። አንማው አንድ ቃል ብቻ ይበቃው ነበር። ምላሱ ላይ ደርሳለች። ያን ጊዜ አገጩ፣ አዛዥ የሌለው ይመስል፣ በራሱ ወደ ድልድዩ ቀና አለ።

«ዓሣውስ ወደዚያ ነው» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። አሁን ልቤ አረፈ።»

ጠጠሩ ታጥቦ እንደተሰጣ ባቄላ ንጹሕ ነበር። አንማው ባካፋው ዛቀው። ከሥሩ የምንጩ ቅዝቃዜ እግሩን ሲነካው፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ አባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ያየውን ቀን አስታወሰ። እየዛቀ ባልዲ ሞላ፤ ባልዲውንም አጠገቡ ለቆሙት ለአያ ፈንታሁን አቀበለ። አያ ፈንታሁን የአጥማጆች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ሰባ ስምንት ዓመታቸው፤ አንማው መንጠቆ ማሰር የተማረው ከእሳቸው ነው። ሌላ ጊዜ በደቦ ሥራ ላይ ዘፈን አውጪው እሳቸው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ድምፃቸው አልተሰማም። ባልዲውን ሲቀበሉትም ዓይኑን አላዩትም። አንማው ደክሟቸው ነው አለ።

ሥራው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። በመጨረሻው ቀን ባምባው ሥር የቀረው ነጣ ያለ ሸክላ ብቻ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው ሃያ አራት ሰዓት ተጻፈለት። ዓሦቹ ጠጠራቸውን ተከትለው ይሄዳሉ፣ ሽታውን ያውቁት የለ፣ እያለ አንማው ክረምቱን ራሱን ሲያባብል ከረመ።

ጳጉሜ አንድ ቀን የወንዙ አፍ ላይ ያለው ጆሮ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቢልጫ ቆጠረ። ከተማው ዣንጥላውን ይዞ ድልድዩ ላይ ወጣ። ቆሎ የያዘ አለ፣ ሕፃን ያዘለ አለ። ከሥራቸው ያለው ውሃ ቀስ ያለ ስለሆነ የክረምቱ ደለል አዲሱን ጠጠር አልብሶት፣ እንደ ዳቦ ሊጥ ለስልሶ ተኝቷል። ከሰዓት በኋላ ዓሦቹ መጡ። ጀርባቸው ውሃውን እየሰነጠቀ በድልድዩ ሥር ገቡ፤ ሰው አጨበጨበ። ዓሦቹ አልቆሙም። አንድም ሳይቀር አልፈው ሽቅብ ሄዱ። ጭብጨባው ቀዘቀዘና ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የኔዓለም የድልድዩን ብረት ይዛ ውሃው ባዶ እስኪሆን ቆመች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንማው ብቻውን ወደ ባምባው ሄደ። ባይሄድ ይሻለው ነበር፤ ግን ሰው የገዛ ጥፋቱን ሳያይ አያድርም። ዓሦቹ እዚያው ነበሩ። ጠጠር በነበረበት ሸክላው ላይ ሆዳቸውን እያሻሹ ነው፤ ውሃው ደፍርሶ ወተት መስሏል። ይዞራሉ፣ ይመለሳሉ፣ ያንኑ ቦታ ደግመው ይሞክራሉ። የጅራታቸው ጫፍ ተልጦ ደምቷል። እንቁላሉ ጭቃው ላይ ተጣብቆ ነጭ ሆኗል፤ ነጭ ማለት የሞተ ማለት ነው። አንዲት ትልቅ ቢልጫ ዳር ላይ ተጋድማ አፏን ትከፍታለች። አንማው ገብቶ በሁለት እጁ አነሳትና ውሃ ውስጥ ደግፎ ያዛት። እጁ ውስጥ ሞተች። ሰው እንዳይሰማው በሚፈራ ልቅሶ አለቀሰ፤ በዚያ ሥፍራ የሚሰማው ሰው አልነበረም።

መስከረም አምስት የአጥማጆች ማኅበር ተሰበሰበ። ከላይ የመጣው ወረቀት ተነበበ፤ «የቆጣሪ ስህተት» ይላል። የኔዓለም ከኮሶ ውሃ ተነስታ ወደ ከተማ፣ ወደ አንድ ፎቅ ምድር ቤት ገንዳ ቆጠራ ትዛወራለች። ዳግመኛ ወንዝ አይሰጣትም። እሷ ተነሥታ ቆመች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ባዶ ነው ብዬ ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ። ዓሦቹን የገደልኩት እኔ ነኝ። እናንተ የጠየቅኳችሁን ነው ያደረጋችሁት።»

ሰው ከንፈሩን መጠጠ። አንማው ወንበሩ ላይ ነበር። ለጥፋት ሁለተኛ ዕድል እንደተሰጠውና ሁለተኛውንም እንደተጠቀመበት እያወቀ፣ ከሰው ጋር አብሮ ከንፈሩን መጠጠ።

በማግስቱ ከሥራ መልስ አያ ፈንታሁን ቤት ሄደ። ሰው መናዘዝ ሲፈልግ የሚጀምረው ከሚወደው ነው፤ ይቀለዋል ብሎ ያስባል። ሽማግሌው መስኮት ሥር ተቀምጠው የተቋጠረ ክር ይፈታሉ።

«አያ ፈንታሁን» አለ ሳይቀመጥ። «የባምባው ሥር ባዶ አልነበረም።»

የሽማግሌው ጣቶች ቆሙ። ቀና ብለው አዩት። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ የመጣው ሐዘን አልነበረም።

«የኔን ቦታ ማን ነገረህ?» አሉት።

ክሩ ከሽማግሌው ጭን ላይ ተንሸራቶ ወደቀ።

«የእርስዎን?»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት። ረቡዕ ረቡዕ።»

«እኔ ቅዳሜ ነው» አለ አንማው። ተቀመጠ። «አንዳንዴ መሬቱ ላይ ቅጠል ተነስንሶ አገኝ ነበር። ዝንጀሮ ነው እል ነበር።»

«ዱካዬን ነው የምሸፍነው። ዝንጀሮው እኔ ነኝ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። አንማው የሚቀጥለውን ጥያቄ መልሱን ሳይሰማ ያውቀው ነበር፤ ቢሆንም ጠየቀ።

«ጣትዎን የት አሳረፉ?»

«ድልድዩ ላይ ነዋ። የአንተ ጣት ቀድሞ እዚያ አርፎ አገኘሁት። እንዴት ያለ የተባረከ ልጅ ነው፣ ሳያውቅ ውሸቴን አገዘልኝ ብዬ ደስ አለኝ።» ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጅቷም ሁለት ጣት ሲያርፍበት ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ ድልድዩን አመነችው።»

«ያን ቅዳሜ ባልዲውን ስሰጥዎ…»

«አውቅ ነበር። እያንዳንዷን ባልዲ። አንተ ሳታውቅ የምትዝቅ መስሎኝ አዘንኩልህ። ለሽማግሌ ዋሾ ነህ መባል ሞት ነው፤ እሱን ፈርቼ ዝም አልኩ።» እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ መሬት አዩ። «ተጋግዘን ጨረስናቸው፣ አንማው።»

የኔዓለም የወንዙ ዳር ጎጆ ውስጥ ዕቃዋን በካርቶን ስትከት ደረሱባት። አያ ፈንታሁን ሊጀምሩ ሲሉ አንማው እጃቸውን ያዘና እሱ ነገራት። ስለ ጣቱ ነገራት። ስለ አገጩም ነገራት። ስትሰማ አልተቀመጠችም፣ አላቋረጠችውም።

«ያን ቀን ስጠይቅዎ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ልቤ አረፈ ስልዎትም?»

«ያኔም።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ካርቶኑ ውስጥ ያስገባችውን ካርታ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ስንት ቀን ሙሉ ይህን እያየሁ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት ስል ከረምኩ» አለች። «ስህተቱ እርስዎን ማመኔ ይሆናል ብዬ አንዴም አላሰብኩም።»

አንማው ጣቱን ባምባው መታጠፊያ ላይ አሳረፈ። አያ ፈንታሁን የራሳቸውን ከአጠገቡ አደረጉ።

«አሁን የሌሎቹን መቶ አሥራ ሁለት ጣቶች ምን ላድርጋቸው?» አለች የኔዓለም። «እንደ እናንተ ያለው ስንት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«እንደገና ጠይቂያቸው» አለ አንማው። «ግን አንድ በአንድ። ሌላ አጥማጅ በሌለበት።»

እንደዚያው ሆነ። ሁለቱ ሰዎች ያደረጉትን በስብሰባ ፊት ከተናገሩ በኋላ አጥማጆቹ ተራ በተራ ጎጆዋ ገብተው ወጡ። ሰባ አንድ ሰው ጣቱን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረ። ደምለውም ከእነሱ አንዱ ነበር። የኔዓለም ወንዟ ላይ ቀረች። አንማው ዘንጉን ወስዶ ለማኅበሩ አስረከበ፤ ማንም አልጠየቀውም፣ ማንም አትስጥም አላለውም። አያ ፈንታሁን የጥቅምትን ውርጭ ሳያዩ አረፉ። በቀብራቸው ዕለት ብዙ መልካም ነገር ተነገረ፤ ሁሉም እውነት ነበር፤ አንዱ ነገር ግን አልተነሣም።

ጠጠሩ ወደ ቦታው መመለስ ነበረበት። በሠላሳ ባልዲ የሄደው በአንድ ባልዲ ይመለሳል፤ ከደለሉ እየተፈለቀቀ፣ በብሩሽ እየታጠበ። ሰው ጥቂት ቅዳሜ ረዳና ሰዓቱን ይዞ ሄደ። አንማው ሰዓት አይጻፍለትም፤ በየሳምንቱ ይመጣል። ደምለው አንዳንዴ ይመጣና አጠገቡ ይቀመጣል። አንድ ቀን ባምባው ሥር ባልዲውን አስቀምጦ ዙሪያውን ቃኘ።

«ሃያ ዓመት ስፈልገው የኖርኩት ይህን ነው?» አለ።

«ይኸው» አለ አንማው።

ድልድዩ ላይ ያለው ሰሌዳ ያሳፍረው ነበር። እንድታነሳለት የኔዓለምን ለመናት። «ይቆይ» አለችው። እሱም ደግሞ አልጠየቀም።

በስልሳ ስምንት ጳጉሜ ሦስት ከደብረ ማርቆስ የመጣች አንዲት አጥማጅ፣ አዲስ ዘንግ የያዘች፣ ድልድዩ ላይ ቆማ ሰሌዳውን አነበበች። ከሥሯ አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ድንጋይ ያጥባል።

«ጋሼ» አለች። «ይሄ አንማው የሚባለው ሰው ማነው?»

የአንማው አገጭ በልማዱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊነሣ ሲል በእርጥብ እጁ ያዘው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ኧረ? ታድለዋል። ታዲያ ዓሦቹ የት ናቸው?»

ቀና ብሎ በጣቱ ሽቅብ፣ ወደ ባምባው መታጠፊያ ጠቆመ።

«እዚያ ናቸው። ዘንድሮ ዘጠኝ መጥተዋል።» ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። ከዚያ ሳትጠይቀው፣ ጎንበስ እንዳለ፣ «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ» አላት።